«ገባችሁ?» «አዎ!»

(ደሴ ውስጥ በተደረገ የወላጆችና የመምህራን ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነው። ብዙ የተደጋገመውን ከመቀነስ በቀር እንዳለ አስቀምጬዋለሁ።)

እንደምን አደራችሁ? አሰላሙ አለይኩም። ሰላም ለእናንተ ይሁን። ብርዱን እንዴት ቻላችሁት? የጦሳ ተራራ ጭጋግ ዛሬም አልለቅ ብሎናል። በዚህ ብርድ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ገበያውን ትታችሁ ስለ ልጆቻችሁ ብላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ እናቶች፣ እባካችሁ ወደዚህ ኑ፣ ፊት ለፊት ወንበር አለ። አብሽሩ፣ ብዙ አላቆያችሁም።

እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት አስተምሬያለሁ። መጀመሪያ ተሁለደሬ ገጠር ውስጥ፣ ከዚያ እዚህ ደሴ። የሁለት ልጆች አባትም ነኝ። ዛሬ የምናገረው ግማሹ ከመምህርነቴ የመጣ ነው፤ ግማሹ ከአባትነቴ።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ልጃችን ክፍል ውስጥ በየቀኑ ምን ይገጥመዋል? ሁለተኛ፣ ቤት ሲማርስ ምን ይሆናል? ሦስተኛ፣ እኛ ምን እናድርግ? ሦስቱም ግን የሚዞሩት አንድ ቃል ላይ ነው። ቃሉ «አልገባኝም» ነው። ይህችን ቃል ያዙልኝ።

ወደ መጀመሪያው ልግባ።

እስቲ ጠዋት ልጃችሁን ከሸኛችሁ በኋላ በሐሳብ ተከተሉት። ሰልፍ ላይ ይቆማል። ባንዲራ ይሰቀላል። ክፍል ይገባል። ለሁለት ልጅ በተሠራ ዴስክ ላይ ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ። መሃል ያለው ልጅ ለመጻፍ ክንዱን መዘርጋት አይችልም፤ የግራው እስኪጨርስ ይጠብቃል። የክፍል አለቃው ሰሌዳው ጥግ ላይ «ረባሾች» ብሎ ስም ይጽፋል። መምህሩ ይመጣል። ሁሉም ብድግ ይላል፣ ሁሉም ይቀመጣል።

እኔ ሰባ ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ይዤ አስተምሬ አውቃለሁ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። እስቲ አብረን እናስላው። 40 ደቂቃ ለ70 ልጅ ሲካፈል፣ ለአንዱ 34 ሰከንድ ይደርሰዋል። ያውም ስም ሳልጠራ፣ ሰሌዳ ሳልጠርግ፣ የቤት ሥራ ሳላርም። በ34 ሰከንድ ለልጃችሁ ምን ላደርግለት እችላለሁ?

ስለዚህ የማደርገው ይኼን ነው። ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ። አብራራለሁ። ዞር እልና «ገባችሁ?» እላለሁ። ሰባው በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል። ልቤ ስላላመነ ደግሜ «ገባችሁ?» እላለሁ። «አዎ!» አሁን ከበፊቱ ይበልጥ ይጮኻሉ። እዚህ ያላችሁ መምህራን ይህን ድምፅ ታውቁታላችሁ። ወላጆችም ታውቁታላችሁ፤ በልጅነታችሁ እናንተም ብላችሁታል። ያ «አዎ» እውነት ነበር ወይ?

እውነት አልነበረም። የኔም አልነበረም።

እኔ የተማርኩት ሐይቅ አካባቢ ገጠር ነው። አራተኛ ክፍል እያለሁ ማካፈል እንማር ነበር፤ ያ ረጅሙን፣ እየቀነሱ ወደ ታች የሚወርዱትን። መምህራችን ጨርሶ «ገባችሁ?» አለ። ሁሉም «አዎ!» አለ። እኔ እጄን አወጣሁ። «ጋሼ፣ አልገባኝም» አልኩ። «የቱ ነው ያልገባህ?» አለኝ። እውነቱን ተናገርኩ። «ሁሉም» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ በእሱ ላይ የቀለድኩ መሰለው። ሰሌዳው ሥር አንበረከከኝ። ወለሉ አፈር ነው፤ ጠጠር አለው። እሱ ሲጽፍ የጠመኔው ብናኝ ፀጉሬ ላይ ይወርድ ነበር። ደወል እስኪደወል እዚያው ነበርኩ።

ያ መምህር ክፉ ሰው አልነበረም። ያን ቀን ደክሞት ይሆናል። እኔ ግን ከዚያ ቀን በኋላ፣ እስከ ዘጠነኛ ክፍል ድረስ፣ ክፍል ውስጥ «አልገባኝም» ብዬ አላውቅም። አምስት ዓመት! አምስት ዓመት ሙሉ «አዎ» ብያለሁ። ማካፈልን ያስተማረኝ ከብት ስንጠብቅ አጠገቤ የነበረ ትልቅ ልጅ ነው። መሬት ላይ በእንጨት እየጫረ። ስሕተት ስሠራ በእግሩ ያጠፋዋል፤ «እንደገና» ይለኛል። በቃ፤ አይቆጣም።

ይህን ሁሉ አውቄ፣ መምህር ስሆን ምን አደረግሁ? እኔም «ገባችሁ?» አልኩ። እኔም «አዎ» ሲሉኝ ወደ ሚቀጥለው ገጽ ገለጥኩ። ይህን እናንተ ፊት ሳልሸሽግ እናገራለሁ፤ ያንበረከኩት ልጅ ባይኖርም ያለፍኳቸው ብዙ ናቸው።

ከዚያ የአሥራ ሁለት ዓመቱ «አዎ» ተጠራቅሞ አንድ ቀን ፈተና ላይ ይቆጠራል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። በ2017 ከፍ ብሎ 8.4 በመቶ ደረሰ። ብዙ ሰው ያን ጊዜ ፈተናው ከበደ አለ፣ ልጆቹ ሰነፉ አለ፣ ጦርነቱ ነው አለ። ጦርነቱስ እውነት ነው፤ የኛ ልጆች በምን ሁኔታ እንደተፈተኑ እናውቃለን። ግን እኔ ቁጥሩን ስሰማ የታየኝ ያ ድምፅ ነው። «ገባችሁ?» «አዎ!»

አሁን ወደ ሁለተኛው ልለፍ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ነው፤ ታገሡኝ።

በ2012 መጋቢት 7 ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ታስታውሳላችሁ። ኮሮና። በአገሪቱ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤት ዋለ። ያኔ ትልቋ ልጄ አምስተኛ ክፍል ነበረች። ትንሹ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ገና ትምህርት ቤት አልገባም። ትምህርት በሬዲዮ ይሰጥ ነበር፤ ሬዲዮኑ ግን ጥያቄ አይቀበልም። እኔም መምህር አይደለሁ? ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ቁጭ አድርጌ ማስተማር ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ቀን ክፍልፋይ ነበር። አብራርቼ ጨረስኩና በልማዴ «ገባሽ?» አልኳት። «አዎ» አለች። አንገቷን ደፍታ። «እሺ፣ ከሩብና ከአንድ ስምንተኛ የቱ ይበልጣል?» አልኳት። «አንድ ስምንተኛ» አለች። «ለምን?» «ስምንት ከአራት ይበልጣላ።»

እስቲ አስቡት። የገዛ ቤቷ ነው። የገዛ አባቷ ነው። ሌላ ተማሪ የለም፣ የሚስቅባት የለም። እንደዚያም ሆኖ «አዎ» አለችኝ። ያን ቀን በጣም ነው የደነገጥኩት። የልጄን ስሕተት እርሱት። የደነገጥኩት ከ«አዎ»ዋ ነው።

ትንሹ ደግሞ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጦ ይሰማ ነበር። ብቅ አለና «እኔም አልገባኝም!» አለ። ፊቱ ላይ ምንም ሐፍረት የለም። እንዲያውም ደስ ብሎታል። «አባ፣ አልገባኝም፣ ድገመው!» ትምህርት ቤት ያልገባው ልጅ ይላታል፤ አምስት ዓመት የተማረችው አትላትም። ይህ ምንድን ነው? እናንተው መልሱልኝ።

በማግስቱ ሁለቱንም ይዤ ሱቅ ሄድኩ። ቤት ቡና አልቆ ነበር። ባለሱቁን ሩብ ኪሎ እንዲመዝንልኝ ጠየቅሁት። ከዚያ ያንኑ ሩብ ለሁለት እንዲከፍለው ለመንኩት፤ ደግ ሰው ነው፣ ከፈለው። ልጄ የሩቡን ግማሽ በአንድ ላስቲክ ይዛ መዘነችው በእጇ። «ይኼ ስንት ነው?» አልኳት። «የሩብ ግማሽ።» «ኪሎው ውስጥ ስንቴ ይገኛል?» ዝም አለች። ጣቷን ቆጠረች። «ስምንቴ» አለች። ከዚያ ላስቲኩን አየችው። አነሰባት። «ትንሽዬ እኮ ናት!» አለች። 125 ግራም ቡና ነው። እስከዛሬ ስንት ጊዜ ተልካ ገዝታዋለች መሰላችሁ! ቤቷ ያለው ሒሳብና ደብተሯ ላይ ያለው ሒሳብ አንድ መሆኑን ግን ማንም አልነገራትም።

እናቴ ያኔ ከሐይቅ መጥታ እኛ ጋ ነበረች። ፊደል አልቆጠረችም። የኛን ነገር ስትሰማ ቆየችና «ሲሶውንስ አስተማርካት?» አለችኝ። ሲሶ! «ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአንጋሽ፣ ሲሶ ለአራሽ» እያለች ያደገች ሴት ናት። የእኩል አራሽ ምን እንደሚወስድ፣ ሲሶው ስንት ቁና እንደሆነ በቃሏ ታሰላለች። የልጅ ልጇ አንድ ሦስተኛን ከአያቷ ተማረች። ከመጽሐፉ የሚያንስ ነገር አልነበረውም።

ልጄ «አልገባኝም» ለማለት አሥራ አምስት ቀን ያህል ፈጀባት። በመጨረሻ ስትለው ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ ወንድሟን እያየች ነው ያለችው። ከዚያ በኋላ ግን ማን ይቻላት! አንድ ቀን ቆጠርኩ። በአንድ ጠዋት አሥራ አንድ ጊዜ «አልገባኝም» አለች። እኔ በሃያ ሁለት ዓመት እንደዚያ ደስ ያለኝ ቀን ጥቂት ነው።

እንግዲህ ይህን የሰማ ሰው «ታዲያ ልጆቻችንን ቤት እናስቀርና እናስተምር» ይል ይሆናል። ዛሬ ሆም ስኩል የሚባለውን የሚጠይቁኝ ወላጆች አሉ። የሰፈሬ አንዲት እናት ልጇን አስም ስለበረታበት አንድ ዓመት ቤት አስተምራዋለች። ጎበዝ ሴት ናት፤ መጽሐፉን ከምዕራፍ ምዕራፍ ጨርሰዋል። ልጁ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ በር ላይ ቆሞ ልጆች የካልሲ ኳስ ሲጫወቱ ያይ ነበር። «እማ፣ እኔን የክፍል ጓደኛ ማን ይለኛል?» አላት። ይህን ስትነግረኝ አለቀሰች። ስትመልሰውም የወረቀት ጣጣ ነበረ፤ የዓመቱ ሪፖርት ካርድ የለውም፣ መዝጋቢው ደግሞ ካርድ ይላል።

ሌላም አለ፤ ይህን ሳልናገር ብወርድ ሕሊናዬ አይተኛም። ቤት ለሁሉም ልጅ ቤት አይደለም። ወንድ ልጅ ቤት ሲውል ሊያጠና ይችላል። ሴት ልጅ ቤት ስትውል ውሃ ትቀዳለች፣ ሊጥ ታቦካለች፣ ሕፃን ታዝላለች። በ2012 ትምህርት ሲዘጋ ሰባተኛ ክፍል የማስተምራት አንዲት ልጅ ነበረች። ደብተሯ ላይ ቁጥሮቿን እንደ ጥልፍ ነበር የምትደረድራቸው። በ2013 ትምህርት ሲከፈት ስም ስጠራ የለችም። ገጠር ዘመድ ጋ ወስደው ድረዋታል። አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ስሟን ለአንድ ወር ያህል ስጠራ ቆየሁ፤ ከመዝገብ መሰረዝ ከበደኝ። ለዚያች ልጅ ትምህርት ቤቱ አጥሯ ነበር። ሲዘጋ አጥሩ ፈረሰ።

በ2013 ሲከፈት ደግሞ አንድ ያልጠበቅነው ነገር አየን። ለጥንቃቄ ተብሎ ክፍሉ ተከፋፈለ፣ በፈረቃ ሆነ። አንድ ዴስክ ላይ አንድ ልጅ። ከፊቴ የነበሩት ሃያ አምስት ገደማ ነበሩ። መምህራን፣ ታስታውሳላችሁ አይደል? የልጆቹን ፊት ማየት ቻልን! ማን እንደገባው፣ ማን እንዳልገባው ሳይናገሩ ይታይ ነበር። መራራቁ ሲቀር ክፍሉ እንደገና ሞላ። እንደገና «አዎ!» ጀመርን። ትንሹ ልጄም ያን ዓመት አንደኛ ክፍል ገባ። በመንፈቁ ቤት ቁጭ ብለን «ገባህ?» አልኩት። አንገቱን ደፍቶ «አዎ» አለኝ። እሱም! ስድስት ወር አልሞላውም።

ከዚያ የ2013 መጨረሻና 2014 መጣ፤ ጦርነቱ። ያሳለፍነውን እናንተም ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ ከራያ፣ ከቆቦ፣ ከወልዲያ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን እዚህ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ተጠለሉ። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ላይ ደግሞ እኛም የመፈናቀል ተራችን ደረሰ። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። ከመውጣታችን በፊት እንጀራ ይዤ አንድ መጠለያ የሆነ ክፍል ገባሁ። ከግድግዳ ግድግዳ ገመድ ተወጥሯል፤ ልብስ ተሰጥቶበታል። ዴስኮቹ ተገጣጥመው አልጋ ሆነዋል። ሰሌዳው ላይ የባለፈው ዓመት የመጨረሻ ትምህርት አልጠፋም፤ አሥርዮሽ ቁጥር ነው። አንድ ልጅ፣ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው፣ በካርቶን ላይ በከሰል እየገለበጠው ነበር። «የት ነው የምትማረው?» አልኩት። «እዚህ» አለኝ። ከዚያ ነጥቧን በጣቱ አሳየኝና «ጋሼ፣ ይቺ አልገባችኝም» አለ።

ትምህርት ቤቱ ቤት ሆነ። ቤታችን ትምህርት ቤት ሆኖ ነበር። እና ያ ልጅ ምንም ሳይኖረው ያን ቃል ይዞ መጥቷል። ቁጭ አልኩ። እንጀራው እጄ ላይ እንዳለ አስተማርኩት።

ልጅ «አልገባኝም» ይበል ስል፣ አንዳንድ ሰው «የፈረንጅ ነገር ነው» ይለኛል። አይደለም። ኧረ ወሎ ከጥንት ያውቀዋል! ሐይቅ እስጢፋኖስ እዚህ ቅርባችን ነው፤ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ደቀ መዛሙርት ሰብስበው ያስተማሩበት። ዋድላ በቅኔ ስሙ የተጠራ አገር ነው። የእስልምና ትምህርት የሚሰጥባቸው ጀማ ንጉሥ አለ፣ ዳና አለ፤ ደረሳው፣ ማለት ተማሪው፣ ኪታቡን ይዞ ስንት አገር አቋርጦ የሚመጣበት። እዚያ እንዴት ይማራሉ? የቄስ ተማሪው ፊደሉን ይዞ ለብቻው ይቀርባል። አንዱ አቡጊዳ ላይ ነው፣ አንዱ ዳዊት ላይ ደርሷል፤ አንድ ዛፍ ሥር ናቸው። ማንም በሌላው ልጅ እርምጃ አይነዳም። ትልቁ ትንሹን ያስቆጥራል። የቅኔ ተማሪው የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ ይታረማል፤ ነገ ሌላ ይዞ ይመጣል።

የጎረቤታችን ልጆች ቁርዓን ቤት ሲሄዱ የእንጨት ሰሌዳቸውን ይዘው ነበር። ልጅ ሆኜ አያቸዋለሁ። በቀለም ይጽፋሉ፣ ይቀራሉ። ሰሌዳው የሚታጠበው መቼ ነው? ልጁ የተጻፈውን ሲይዘው ነው። እስከዚያ አይታጠብም። አንድ ሳምንት ቢፈጅም ይቆያል። የኛ ሰሌዳ መቼ ነው የሚጠፋው? ደወል ሲደወል። ልጁ ቢገባውም ባይገባውም።

ያ ዘመን ሁሉ ደስታ ነበር አልልም። አለንጋው ነበር፣ ረኃቡ ነበር፤ ቆሎ ተማሪው አኮፋዳውን ይዞ ውሻ እያባረረው ነው የተማረው። ለሴት ልጅም በሩ ጠባብ ነበር። ያን አንመልስ። ሰሌዳውን ሳይያዝ አለማጠቡን ግን ለምን ተውነው?

ሦስተኛው አጭር ነው። ምን እናድርግ?

ወላጆች፣ ካርድ ሲመጣ «ስንተኛ ወጣህ?» እንላለን። እኔም ብያለሁ። እለምናችኋለሁ፣ ካርዱ እስኪመጣ አትጠብቁ። ማታ፣ ቡናው ሲፈላ፣ «ዛሬ ያልገባህ ምንድን ነው?» በሉት። እናንተ ባታውቁት ምንም አይደለም። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም ብያችኋለሁ። «አልገባኝም» ሲላችሁ አትቆጡ፤ ከታላቁ ጋ፣ ከጎረቤት ልጅ ጋ አስቀምጡት። ትምህርት ቤት የተዘጋበት አካባቢ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ፣ ዛሬም በክልላችን ከትምህርት ውጭ ያሉ ልጆች ብዙ ናቸው፣ የልጆቻችሁን ያለፈ ዓመት መጽሐፍ ላኩላቸው። ሴት ልጅ ካለች ስለ እሷ ስልክ ደውሉ። መጠየቅ ብቻ ከመዳር ሊያስጥላት ይችላል።

መምህራን ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ክፍሉ ሰባ ነው፣ አውቃለሁ። ደመወዙንም አውቃለሁ። እኔ አሁን አንድ ነገር ብቻ ለውጫለሁ። «ገባችሁ?» ማለት ትቻለሁ። «ያልገባው ማን ነው?» እላለሁ። ከዚያ ዝም እላለሁ። በልቤ እስከ አሥር እቆጥራለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ማንም እጅ አላወጣም። በሁለተኛው አንዲት ልጅ በግማሽ አወጣች፤ ክርኗ ዴስኩን አልለቀቀም። የሳቀ ልጅ ነበር። «የሳቅከው፣ ና አስረዳት» አልኩት። ሰሌዳው ጋ ቆሞ አቃተው። አልቀጣሁትም። «አንተም አልገባህም፣ እንግዲያው ሁለት ናችሁ፣ እንደገና እንሥራው» አልኩ። በማግስቱ አምስት እጅ ተነሣ።

ጊዜ ሳልወስድባችሁ አልቀረሁም። አሁን ወደ እናንተ እንለፍ። እኔም ቀድሜ «ገባችሁ?» አልላችሁም። ያልገባው ማን ነው? እጃችሁን አውጡ፤ እጠብቃለሁ።